የእንቅልፍ ዕቁብ

ድሬዳዋ ውስጥ እርጉዝ ሴትን «እንዴት አደርሽ?» ብሎ መጠየቅ ከቀረ ቆየ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሆዷ ላይ የታጠቀችውን፣ የልጇን እንቅልፍ የሚለካውን መቀነት ነው። የመቀነቱ መብራት ሰማያዊ ከሆነ ልጁ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነውና አላፊው ጫማውን አውልቆም ቢሆን ኮቴውን ሳያሰማ ያልፋል። ቢጫ ከሆነ ልጁ ሕልም እያየ ነው ይባላል፤ በሹክሹክታ ሰላም ማለት ይቻላል። ቀይ ከሆነ ልጁ ነቅቷል፤ እንደ ልብ ማውራት ይፈቀዳል። ሆኖም የሚያወራው ሰው ለእናትየው ከንፈሩን መምጠጡ አይቀርም።

የትርሲት መንግሥቱ መብራት ከንፈር የሚያስመጥጥ ነበር። እርግዝናዋ ወደ ስምንተኛ ወር ሲገባ ጎረቤቶቿ «ዛሬስ?» እያሉ መጠየቁን ትተው ዝም ብለው ያዝኑላት ጀመር። የታመመ ሰው እንዳለባት ሴት ነበር የሚያዩዋት። ልጁ ግን ምንም አልታመመም፤ መንቃት ያበዛል፣ ይኸው ነው።

ጥፋተኛው ሥራዋ ነው። ትርሲት ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ተናጋሪ ናት። ሥራው ከዓመታት በፊት ለማሽን ተሰጥቶ ነበር፤ የድሬ መንገደኛ ግን ለማሽን ብሎ ወሬውን የሚያቋርጥ ስላልሆነ ባቡሩ ባዶውን እየሄደ አስቸገረና ሰው ተመለሰ። ትርሲት ማይክ ይዛ «ወደ ጅቡቲ የምትሄዱ መንገደኞች» ስትል ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ይነቃል። የመጨረሻውን ባቡር እስክትሸኝ ድረስ እየነቃ፣ እያንቀላፋ፣ መልሶ እየነቃ ይውላል።

መቀነቱን የሚያድለው የእንቅልፍ ቢሮ ድምፅዋን ቀነስ እንድታደርግ መከራት። ቀነሰች። እየቀነሰች ሄዳ ሄዳ ማስታወቂያው ሹክሹክታ ሆነ። አንድ ቀን የአይሻ ባቡር ያመለጠው ነጋዴ ሻንጣውን እየጎተተ መስኮቷ ድረስ መጣና «አቦ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ንስሐ?» ብሎ ጮኸባት። ሰማያዊ የነበረው መብራት ወዲያው ቀላ። ሰውዬው ያደረገውን ሲያይ ደነገጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ሆዷን ይቅርታ ጠየቀ። እሷን አልጠየቀም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ለደረጃ ነው። ስምንተኛው ወር ሲያልቅ ቢሮው የልጁን እንቅልፍ ደምሮ ደረጃ ይሰጣል፤ ጥልቅ እንቅልፍ የበዛለት አንደኛ፣ ከሱ የሚያንሰው ሁለተኛ፣ የቀረው ሦስተኛ ይሆናል። ነገሩ የተጀመረው በክፋት አይደለም። ማህፀን ውስጥ በደንብ የተኛ ልጅ አእምሮው ምናልባት የተሻለ ያድጋል የሚል ጥናት ነበር። ጥናቱ መመሪያ ሲሆን «ምናልባት» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀረች። ዛሬ የሦስተኛ ደረጃ ልጅ እናት እስክትወልድ ድረስ ማቆያ ቤት ትገባለች። ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባም ክፍሉ ለብቻ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሽማግሌ ሲላክ ከዘር ቆጠራው ቀጥሎ ደረጃ መጠየቅ ተጀምሯል።

የትርሲት ባል ሱራፌል ባጃጅ ጠጋኝ ነው። የተወለደው መቀነት ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ነገሩ አይዋጥለትም።

«እኔ ያለ ደረጃ ተወልጄ ምን ሆንኩ?» ይላል።

«እስቲ ያልሆንከውን ንገረኝ፣» ትለዋለች ትርሲት።

ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ትርሲት መብራቱን ታያለች፤ በሳቁ ቀልቶ ታገኘዋለች። ያኔ መሳቋ ይቆጫታል።

የሚኖሩት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ነው። ፎቁ ላይ ከትርሲት ሌላ ስድስት እርጉዞች ነበሩ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀቱ ምክንያት ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ከነሱ አንዷ እልፍነሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ የትርሲትን በር ቆረቆረች። እልፍነሽ አራተኛዋን ያረገዘች፣ በዕቁብ ዳኝነት የታወቀች ሴት ናት። ፎቁ ውስጥ እሷ ያልዳኘችው ዕቁብ፣ እሷ ያላስታረቀችው ባልና ሚስት የለም።

«ቀይ ነው?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ቀይ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዕቁባችን አትገቢም?»

«ደመወዛችን እኮ ያው እንደምታውቂው ነው፣ እትዬ እልፍነሽ።»

«ብር የሚጣልበት አይደለም፣» አለች እልፍነሽና በሩን ዘጋች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ነኢማ መብራቷ ከጠዋት እስከ ማታ ሰማያዊ ነው። ነኢማ ልጅ ስትፈልግ ብዙ ዓመት የቆየች፣ ተስፋ ቆርጣ ካበቃች በኋላ ያረገዘች ሴት ናት። ልጇ ደግሞ ይህን ያህል ትተኛለች ብሎ የገመተ አልነበረም። ቢሮው ወሩ እስኪሞላ እንኳ ሳይጠብቅ አንደኛ ደረጃ ሰጣትና በሯ ላይ «አይቀስቅሱ» የሚል ወርቃማ ምልክት ለጠፈ። ይህ ምልክት ያለበትን በር ማንኳኳት ክልክል ነው። ጤና ባለሙያ እንኳ እናቲቱን አይነካም፤ ምርመራ ልጅ ይቀሰቅሳልና።

መቀነት ደግሞ ማን እንደታጠቀው አይጠይቅም። የእናት ልብና የልጅ ልብ ከሰማ ይበቃዋል። ይህን መጀመሪያ የደረሰችበት እልፍነሽ ናት። ስለዚህ የፎቁ እርጉዞች በየሳምንቱ ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣ የወጣላት ሴት መቀነቷን ለነኢማ ትሰጣታለች፤ ነኢማ ከራሷ መቀነት በላይ ትታጠቅላታለች። የነኢማ ልጅ እንቅልፍ በሌላዋ ልጅ ስም ይቆጠራል። በምላሹ ሴቶቹ በተራ ምሳ ያበስሉላታል፣ ልብሷን ያጥባሉ፣ ገበያ ይሄዱላታል። ነኢማ ተጨማሪ የጠየቀችው ነገር የለም። «ጎረቤት አይደላችሁ እንዴ?» ነበር ያለችው። ልጇ ገና ሳትወለድ ለሰው መትረፏም ሳያኮራት አልቀረም።

ትርሲት ገባች። መቼም ጎረቤት ያለውን ሲያካፍል እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ደግሞም ልጇ ሦስተኛ እንዲሆን አልፈለገችም።

ዕጣው የደረሳት የራሷ ደረጃ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። እሑድ ከሰዓት መቀነቷን ፈታ ነኢማን አስታጠቀቻት። ሁለቱ መብራቶች ጎን ለጎን ሰማያዊ ሲበሩ ትርሲት እፎይ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በልጇ ስም የማይቀላ ሰማያዊ መብራት በራ።

ሰኞ ጠዋት ሱራፌል ልብሱን እየለበሰ እንደ ወትሮው «ተኝቷል?» አላት። እጇ ወደ ወገቧ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

«አላውቅም፣» አለች።

እውነትም አታውቅም ነበር። ልጁን ይህን ሁሉ ወር የተሸከመችው መብራት እያየች ነው። መንቃቱን የምትሰማው ከመብራቱ፣ መተኛቱን የምትሰማው ከመብራቱ፤ ልጁ ሆዷን ሲነካካት እንኳ መጀመሪያ የምታየው ወገቧን ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷ ላይ እጇን አሳረፈች። ምን እንደምትፈልግ ግራ ገባት። ሱራፌል ጫማውን እያሠረ አያትና ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ጣቢያ ስትደርስ ወገቧ ላይ መብራት ስለሌለ ማንም ከንፈር አልመጠጠላትም። ማይኩን ያዘችና ከወራት በኋላ በሙሉ ድምፅዋ ተናገረች። መንገደኛው ሁሉ ቀና አለ። ልጁ ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር ገፋት፤ ከዚያ ዞረ፤ ከዚያ ብርግግ ብርግግ እያለ ቆየና ረጭ አለ። ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ ደገመው። ሐሙስ እስኪደርስ ድረስ ጠባዩን ለይታ አውቃው ነበር። ሲነቃ ይገፋል፤ ሲያልም ይርገፈገፋል፤ ጥልቅ እንቅልፍ ሲይዘው ይከብዳል። ክብደቱ ግን አይቆይም፤ ልጁ ተመልሶ ይመጣል። ትርሲት በጣም ደስ አላት። ደስታውን የሚያሳይላት መብራት ባለመኖሩ ለማን እንደምትነግረው አላወቀችም፤ ጣቢያው ውስጥ ጽዳት ለምትሠራው ሴት ነገረቻት። ሴትዮዋ «ታዲያ ልጅ አይደል?» ብላ መጥረጊያዋን ይዛ አለፈች።

ሐሙስ ለነኢማ ምሳ የማድረሱ ተራ የትርሲት ነበር። ሩዙን በሳህን ከድና ወርቃማውን ምልክት ሳትነካ በሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ ገባች። ነኢማ በግራ ጎኗ ተጋድማ ነበር፤ ሁለቱም መቀነቶች ሰማያዊ በርተዋል። የቤቱ መስኮቶች በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል፤ ማራገቢያው እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ተነቅሏል። ነኢማ በላብ ረጥባለች፤ ሆኖም ፈገግ አለች።

«ልጅሽ ተኝቶልሻል፣» አለች በሹክሹክታ፣ የትርሲትን መቀነት እያሳየቻት።

«ሲነቃ ይገፋኛል፣» አለች ትርሲት። «ያንቺስ? የት ጋ ነው የምትረግጥሽ?»

«የኔ ልጅ? የኔ ልጅ አትረግጥም። ጨዋ ናት፣ ወላሂ!»

«ድሮም?»

«ድሮ እንኳ መከራዬን ነበር የምታበላኝ። በኋላ ግን አደብ ገዛች። ምልክቱ በተለጠፈ ሰሞን ጭራሽ ዝም አለች። አልሐምዱሊላህ።»

ትርሲት ሩዙን አስቀመጠች። «እጄን ላድርግ?»

ነኢማ ወደ በሩ አየች። «ቶሎ በይ።»

ሆዷ ሞቃትና ጠንካራ ነበር። ትርሲት ጠበቀች። የራሷ ልጅ አንድ ጊዜ ገፋት፣ ቆየት ብሎ ደገማት። በእጇ ሥር ያለችው ግን አልተነቃነቀችም። ጠበቅ አድርጋ ተጫነች፤ ምንም የለም። ያኔ ጎንበስ አለችና በማስታወቂያ ድምፅዋ «ወደ ጅቡቲ የምትሄዱ መንገደኞች!» አለች። ነኢማ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በሻሽዋ ያዘች። የትርሲት ልጅ ሆዷ ውስጥ ዘለለ። የነኢማ ልጅ እንደነበረች ናት። ሁለቱም መብራቶች ሰማያዊ ናቸው።

«አየሽልኝ?» አለች ነኢማ በኩራት። «ባቡር ቢሄድባት አትነቃም።»

ትርሲት ፈራች። ፍርሃቷን ፊቷ ላይ ላለማሳየት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ነኢማዬ፣ ሐኪም ይይሽ።»

«ለምን ተብሎ? አንደኛ ናት እኮ!»

«አንደኛም ብትሆን ይይሽ። የኔ ተኝቶ አይቀርም፤ ይመለሳል። ያንቺ አትመለስም።»

«ያንቺ ቀይ ነው፣ ትርሲት።» የነኢማ ፊት ተቀየረ። «የኔን ካንቺ ጋር አታወዳድሪ። ልጄን ማንም አይቀሰቅስብኝም።»

ትርሲት ወጥታ በቀጥታ ምድር ቤት ወዳለው ጤና ኬላ ወረደች። የፎቁ ነርስ ሲስተር ሐዊ ወጣት፣ ሥራ ወዳድና ደንብ አክባሪ ናት። ነገሩን በትዕግሥት ሰማቻት።

«አንደኛ ደረጃ ናት። ልነካት አልችልም፣» አለች።

«አትንቀሳቀስም እኮ፣ ሲስተር።»

«ተኝታ ነዋ! እንዲህ እንዲተኙ አይደል እንዴ የምንለፋው?»

«መቀነቱ ቢሳሳትስ?»

ሲስተር ሐዊ ሳቅ አለች። «አንድ መቀነት ሊሳሳት ይችላል። እዚህ ፎቅ ላይ ግን የሁሉም እንቅልፍ እየተሻሻለ ነው። ቢሮው ‹ጸጥተኛው ፎቅ› ብሎ ሊሸልመን ነው፤ እልፍነሽ አልነገረችሽም?»

ትርሲት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። የሁሉም እንቅልፍ ለምን እንደተሻሻለ ታውቅ ነበር። መቀነቱ ደግሞ የልጅ መንቃት ሲበዛ ይጮኻል እንጂ ዝምታ ሲበዛ የሚጮኽ ነገር አልተሠራለትም። ዝምታ ይበዛል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ወደ እልፍነሽ ቤት ወጣች። ዳኛዋ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ምስር ትለቅም ነበር። ሰምታት እንደጨረሰች ትሪውን አስቀመጠች።

«ብትናገሪ የሁላችንም ይሰረዛል። ያንቺም ጭምር።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ዝም ብላ ተኝታ ብትሆንስ? በጥርጣሬ የስንት ልጅ ዕድል ልታበላሺ ነው?»

«ተኝታ ባትሆንስ?»

 እልፍነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «የኔ ደረጃ ሰኞ ይወጣል፣» አለች በመጨረሻ፤ «እስከ ሰኞ ብቻ ታገሽኝ። ሦስቱም ልጆቼ ሦስተኛ እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ይቺ አንዷ እንኳ ትለፍልኝ። በሞቴ!»

ትርሲት ወጥታ የፎቁ መወጣጫ ላይ ቁጭ አለች። አላመነታችም ማለት ውሸት ነው። የሦስተኛ ደረጃ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ታያቸዋለች፤ በሌላ በር፣ ሌሎቹ ካለቁ በኋላ ነው የሚወጡት። ልጇን በዚያ በር ሲወጣ አሰበችው። እስከ ሰኞ ብትጠብቅ የሷም ሳምንት ይሞላል፤ ሰማያዊው ይመዘገብለታል፤ ነኢማም ምናልባት ምንም ላትሆን ትችላለች። ይህን ሁሉ አሰበች። እያሰበች ሳለ ልጁ ገፋት። ተነሥታ ወረደች።

«ሲስተር፣» አለች፣ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «የኔ መቀነት ነኢማ ላይ ነው ያለው።»

«ምን?»

«በፊትም የሌሎቹ ነበር። በዕጣ ነው የምንሰጣት። በፎቃችን የምታዪው እንቅልፍ ሁሉ የአንዲት ልጅ ነው። የነኢማ ልጅ።»

ሲስተር ሐዊ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ ለቢሮው ስልክ ደወለች። በደንቡ መሠረት መቀነት ያደባለቀ ሁሉ ደረጃው እዚያው ይሰረዛል፤ ያስደባለቀም እንዲሁ። የነኢማ አንደኛነት ተሰረዘ። ወርቃማው ምልክት ተላጠ፤ ምልክቱ ሲላጥ ደግሞ የመንካት ክልከላው አብሮ ተነሣ። ቢሮው ሰው የላከው ስለ ጥፋቱ ነኢማን ለመጠየቅ ነበር፤ ደንቡ ግን እርጉዝ ስትጠየቅ ሐኪም ባለበት ይሁን ይላልና ዶክተር ሙክታር የሚባል ሐኪም አብሮ መጣ።

ዶክተሩ ነኢማን ተቃውሞዋን ሳይሰማ መረመራት። ሆዷን በሁለት እጁ ያዘ፤ ነቀነቀው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ሰዎቹ ጥያቄያቸውን እንዲተዉ በእጁ ምልክት ሰጠና አምቡላንስ አስጠራ። ኮሪደሩ ላይ ለሲስተር ሐዊ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረውን ትርሲት ሰማች።

«ይህቺ ልጅ አልተኛችም። ደክማ ነው። የእንግዴ ልጁ በቂ ደም እያደረሰላት አይደለም፤ ያላትን ጉልበት እየቆጠበች ነው።»

«መቀነቱ ጥልቅ እንቅልፍ ነው ይላል እኮ፣ ዶክተር።»

«መቀነቱ ዝም ማለቷን ነው የሚያውቀው፣» አለ ዶክተሩ።

ነኢማ ይህን አልሰማችም። በአልጋ ስትወርድ እየጮኸች ነበር፤ ትርሲትን ስታይ ጩኸቷ ጨመረ። ሆስፒታል እንደደረሱ ቀደዷት። ልጅቷ ከተጠበቀው በላይ ትንሽ ሆና ወጣች። ትንፋሿ እስኪመጣ ቆየ፤ ከዚያ አለቀሰች። ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ሳምንታት ተኛች፤ ስሟንም እዚያው ሳለች ሙና አሏት።

ቢሮው ለነኢማ የሰጣት ማብራሪያ አጭር ነው። ቀዶ ጥገናው «ከደንብ ጥሰት ጋር በተያያዘ የተወሰደ ቅድመ ጥንቃቄ» ነበር ይላል። አንደኛ ደረጃ ሰጥቶ በሯን ያሸገባት ልጅ ልትሞት ተቃርባ እንደነበር በጽሑፍ የማስፈር ፍላጎት ያለው ሰው አልተገኘም። ሲስተር ሐዊም ስለ ጉዳዩ እንዳታወራ ተነገራት፤ ደንብ አክባሪ ናትና አላወራችም። መቀነቶቹ ሁሉ ከባለቤታቸው በቀር ማንንም እንዳይሰሙ ሆነው ተሠሩ። ዝምታ ሲበዛ የሚጮኽ ነገር ይጨመርባቸው ብሎ ሐሳብ ያቀረበ ነበር ይባላል፤ እናቶችን ያስደነግጣል ተብሎ ቀረ።

የዕቁቡ ልጆች በሙሉ ሦስተኛ ደረጃ ሆኑ። ትርሲት ማቆያ ቤት ገባች፤ ማንም ሳያናግራት ወሯ ሞላና ድምፁ ፎቅ የሚያፈርስ ወንድ ልጅ ወለደች። ወደ ቤት ስትመለስ ሊጠይቃት የመጣ ጎረቤት አልነበረም። እልፍነሽ አንድ ጊዜ መወጣጫው ላይ አግኝታት ሰላም ሳትላት አለፈች። ለቅሶ ያለባት ሴት ትመስል ነበር እንጂ የተቆጣች አትመስልም። ትርሲት ከቁጣዋ ይልቅ ይህ ነው የከበዳት።

ነኢማ ሙናን ይዛ ከሆስፒታል የወጣችው ከሷ በኋላ ነው። ትርሲት ጥቂት ጊዜ ሰጥታት፣ ለልጅቷ ትንሽ ልብስ ገዝታ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ምን እንደምትል በሆዷ ስታሰናዳ ነበር የከረመችው። ዶክተሩ ያለውን ቃል በቃል ትነግራታለች፤ ከፈለገች አብረው ሄደው ይጠይቁታል።

ነኢማ በሩን የከፈተችው ልጅቷን ታቅፋ ነው። መጋረጃዎቹ ተገልጠዋል፤ ማራገቢያው እየተንገጫገጨ ይዞራል። ሙና ጉንጯ ሞልቷል።

«እንዴት ናት?» አለች ትርሲት።

«እያት።» ነኢማ ልጅቷን ወደ ፊት አቀረበቻት። «ዐይን አለሽ አይደል? እጇ ምን ሆነ? እግሯ ምን ሆነ? ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ ትወፍራለች። ምኗ ነበር የታመመው?»

«ነኢማ፣ ዶክተሩ...»

«ዶክተሩ ለኔ ያለኝ ነገር የለም! ማንም ያለኝ ነገር የለም። ደህና ነበረች፤ ይኸው ደህና ናት። አንቺ ነሽ የቀናሽው። ያንቺ አልተኛ ሲልሽ የኔን ቀሰቀስሽ። መቀነትሽን ታጠቅኩልሽ፤ አንቺ ደግሞ ሆዴን አስቀደድሽ። አንደኛ የነበረች ልጄን ሦስተኛ አደረግሽ። ስታድግ ምን እላታለሁ? ጎረቤቴ ናት ያደረገችሽ ልበላት?»

ትርሲት አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ሙና ያን ጊዜ የእናቷን ሻሽ ጫፍ ጨብጣ ጎተተች፤ ነኢማ ንዴቷ ሳይበርድ ጎንበስ ብላ ትንሿን ጡጫ ሳመች። ትርሲት አፏን ዘጋች። ልብሱን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ወረደች።

ሱራፌል ልጁን ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አየና «ነገርሻት?» አላት።

«አልነገርኳትም።»

«ለምን? እውነቱን ማወቅ አለባት እኮ፣ ትርሲት! ልጅሽን ያተረፈችልሽ ይቺ ናት ብዬ እኔ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«አትሄድም፣» አለች ትርሲት፣ ልጁን ከእጁ እየተቀበለች። «እኔን እንድታምነኝ ልጅቷ መሞት ነበረባት። ትጥላኝ።»